ሚዛን የማይነግረን፤ የአረጋውያንን ሰውነት የመለካት ታሪክ

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንደምጽፍ የገመቱ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ከመሥራቱ በፊት ይለካል፤ ከሠራም በኋላ መልሶ ይለካል። ስለዚህ የመለካትን ታሪክ መረጥሁ። የሚለካውም ዕድሜው የገፋ ሰው ገላ ነው፤ ይኸውም በውስጡ ያለው የጡንቻ፣ የአጥንትና የስብ ድርሻ፣ እንዲሁም በሚሊግራምና በማይክሮግራም የሚቆጠሩት ጥቃቅን ንጥረ ምግቦች፣ ማለትም ቪታሚኖችና ማዕድናት ናቸው። ከአባሎቻችን መካከል ብዙዎች ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ የቀረነውም አብዛኞቻችን ወላጆቻችንን የምንጦር ነን። ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው በ40 ዓመቱ 65 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር እንበል። በ75 ዓመቱ ሲመዘንም ያው 65 ኪሎ ሆኖ ቢገኝ፣ ቤተሰቡ ‹‹አልከሳም፣ ተመስገን›› ይላል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ትክክለኛው አይደለም። በእነዚህ 35 ዓመታት ውስጥ ከጡንቻውና ከአጥንቱ ብዙ ጎድሎ፣ በጎደለው ልክ ስብ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ድምሩ አልተለወጠም፤ ተደማሪዎቹ ግን ተለውጠዋል። ይህ ሰው ከወንበር ለመነሣት ክንዱን መደገፍ ሲጀምር፣ ደረጃ ሲወጣ ሲያርፍ፣ በመጨረሻም በቤቱ ደጃፍ ወድቆ የዳሌው አጥንት ሲሰበር፣ ሁሉም ነገር በድንገት የመጣ ይመስላል። በእርግጥ ግን ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ፣ መለኪያ ስላልነበረው ብቻ ያልታየ ጉድለት ነው።

የሰውን ልጅ ገላ በሚዛን የመመርመር ሐሳብ ጥንታዊ ነው። የፓዱዋው ሐኪም ሳንቶሪዮ በትልቅ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱም የሚወጣውን ለብዙ ዓመታት ሲመዝን ኖሮ ውጤቱን በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ቤልጂጋዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌት፣ የጎልማሶች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አስተዋለ። ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሰላው፣ ክብደትን በቁመት ካሬ የማካፈሉ ስሌት የእርሱ ነው፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ግን አሜሪካዊው አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ኬትሌት የሕዝብን አማካይ የሚፈልግ ሰው ነበር እንጂ የአንድን በሽተኛ ገላ ሊመረምር አላሰበም። በተለይ ለአረጋዊ ሰው ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ስብን ከጡንቻ አይለይም። ሁለተኛ፣ የጀርባ አጥንት እየተጫነና እየጎበጠ ሲሄድ ቁመት ያጥራል፤ አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ይጨምራልና ምንም ያልወፈረው ሰው በወረቀት ላይ ይወፍራል። ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በ1985 ሲሆን፣ አሜሪካዊው ዊልያም ቸምሊና ባልደረቦቹ ከ60 እስከ 90 ዓመት ላሉ ሰዎች ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለውን ርዝመት ለክተው የቀድሞ ቁመታቸውን የሚገምቱበትን ቀመር አወጡ። የቅልጥም አጥንት በዕድሜ አያጥርምና።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን ከሆስፒታል ሳይሆን ከባሕር ነው። አልበርት ቤንኬ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ የጠላቂዎች ሐኪም ነበር። በ1939 ስኳለስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በሰመጠች ጊዜ 33 ሰዎች በሕይወት ሲወጡና መርከቧም ስትነሣ በሥራው ከተሳተፉት ሐኪሞች አንዱ ነው። ያስጨነቀው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሁለት ጠላቂዎች እኩል ጥልቀት ወርደው እኩል ጊዜ ቆይተው ሲወጡ፣ አንደኛው በመገጣጠሚያው ሕመም ይሠቃያል፣ ሌላው ምንም አይሆንም። ናይትሮጅን በስብ ውስጥ ከውኃ ውስጥ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ይሟሟል። እንግዲያው ስብ የበዛበት ሰው ብዙ ናይትሮጅን ያጠራቅማል፤ ሲወጣም አረፋው ይበዛበታል። ስለዚህ የአንድን ሕያው ሰው ስብ ሳይቀዱት መለካት አስፈለገ።

ቤንኬ የተጠቀመበት መንገድ አርኪሜድስ በሲራኩስ የንጉሡን ዘውድ መረመረበት ተብሎ የሚተረከው ነው። ሰውየው በአየር ላይ ይመዘናል፤ ከዚያም በውኃ ውስጥ ተጠልቆ ይመዘናል፤ ልዩነቱ የገላውን ይዘት ይሰጣል፤ ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈልም እፍግታው ይገኛል። ስብ ከውኃ ይቀላል፤ ጡንቻና አጥንት ከውኃ ይከብዳሉ። በሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ለብቻው ተለክቶ መቀነስ ነበረበት፤ ያለዚያ ውጤቱ ከንቱ ይሆናል። በ1942 ቤንኬና ባልደረቦቹ የጤነኛ ወንዶችን እፍግታ አሳተሙ። በዚያው ዓመት 25 የአሜሪካ እግር ኳስ ባለሙያ ተጫዋቾችን መዘኑ። በጊዜው በነበረው የቁመትና የክብደት ሠንጠረዥ መሠረት 17ቱ ከመጠን በላይ ወፍራሞች በመሆናቸው ለውትድርና ብቁ አልነበሩም፤ በውኃ ውስጥ ሲመዘኑ ግን ክብደታቸው የጡንቻ እንጂ የስብ አለመሆኑ ታወቀ። ሠንጠረዡ የጡንቻን ክምር ስብ ብሎ ጠርቶት ነበር ማለት ነው። በአረጋውያን ላይ የሚደርሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የጡንቻን መጥፋት ‹‹ክብደቱ ደኅና ነው›› ብሎ ያልፈዋል።

ከእፍግታ ወደ ስብ መቶኛ ለመሻገር ቀመር ያስፈልግ ነበር። በበርክሌይ የዶነር ላቦራቶሪ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ዊልያም ሲሪ (በ1954 ወደ ማካሉ ተራራ የሄደውን የካሊፎርንያ ቡድን የመራ ተራራ ወጪም ነበር) በ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ቀመር አወጣ፤ 495ን ለእፍግታ ማካፈልና ከድርሻው 450 መቀነስ ነው። እፍግታው 1.05 የሆነ ሰው 21 በመቶ ያህል ስብ አለው ማለት ነው። ቀመሩ ውብ ነው። ነገር ግን ሁለት ቋሚ ቁጥሮችን ይዟል፤ የስብ እፍግታ 0.9፣ ከስብ ውጭ ያለው ገላ ሁሉ እፍግታ ደግሞ 1.1 ነው ይላል። ሁለተኛው ቁጥር ከእንስሳት ምርመራና በኬሚካል ዘዴ እስከ መጨረሻ ከተመረመሩ ጥቂት አስከሬኖች የተወረሰ ነው፤ አስከሬኖቹ ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ አብዛኞቹም በጎልማሳነት የሞቱ ሰዎች ናቸው።

አጥንቱ ማዕድኑን ያጣ አሮጊት ገላ ከስብ ውጭ ያለው ክፍል እፍግታው 1.1 አይሆንም። እስቲ 1.08 ነው እንበልና እናስላ። የሴትየዋ እውነተኛ ስብ 30 በመቶ ቢሆን፣ የሲሪ ቀመር 36 በመቶ ያህል ይላታል። ክብደቷ 60 ኪሎ ከሆነ ቀመሩ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ገላዋን ከጡንቻና ከአጥንት ዓምድ አውጥቶ ወደ ስብ ዓምድ ጻፈው ማለት ነው። በወጣት ገላ የተመሳከረን መለኪያ በሽማግሌ ላይ ማዋል ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ከዚህም ሌላ ተግባራዊ ችግር አለ። ሳንባን አሟጦ ተንፍሶ፣ ራስን በውኃ አጥልቆ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ለ85 ዓመት አዛውንት የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ስለሆነም ለብዙ ዓመታት የሰውነት ቅንብር ዕውቀት በመርከበኞች፣ በተማሪዎችና በስፖርተኞች ላይ ተመሥርቶ ኖረ። የገላው ይዘት በውኃ ፋንታ በአየር የሚለካበት ዝግ ክፍል የተገኘው በ1995 ነው።

ከውኃው ገንዳ ነጻ ያወጣው የመጀመሪያው መንገድ የመጣው ከአቶም ዘመን ነው። በተፈጥሮ ከሚገኘው ፖታሲየም ውስጥ 0.0117 በመቶው ፖታሲየም 40 የተባለው ጨረር አመንጪ ነው። ፖታሲየም ደግሞ በአብዛኛው በሕዋሳት ውስጥ፣ በተለይም በጡንቻ ይገኛል፤ በስብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 የሚበልጡ የፖታሲየም 40 አቶሞች ይፈርሳሉ፤ ከዐሥሩ የአንዱ ያህል ፍርሰት ከሰውነት ወጥቶ ሊቆጠር የሚችል ጋማ ጨረር ይሰጣል። ሰውየው ምንም ሳያደርግ ይተኛል፤ መሣሪያው ይቆጥራል። ያን ያህል ደካማ ጨረር ለመቁጠር ግን ከውጭ የሚመጣውን ማገድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም በወፍራም ብረት የታጠሩ ክፍሎች ተሠሩ። ከ1945 የአቶም ፍንዳታ በኋላ የቀለጠ ብረት ራሱ በጥቂቱ የተበከለ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተሠሩ የጦር መርከቦች የተፈታ ብረት እየተፈለገ ይገዛ ነበር። የሮቸስተሩ ሐኪም ጊልበርት ፎርብስ በ1961 በዚህ ዘዴ የሰውነትን ስብ መገመት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1970ም ከአንድ ባልደረባው ጋር፣ ከስብ ውጭ ያለው ገላ በዕድሜ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ በወንዶችም ላይ ቅነሳው ከሴቶች እንደሚበልጥ አሳተመ። ሁሉም በዓይኑ የሚያየው ነገር በቁጥር የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

አሁን በየአገሩ ትላልቅ ሆስፒታሎች የሚገኘው በሁለት ልዩ ልዩ ጉልበት ኤክስሬይ የሚሠራው መሣሪያ ለገበያ የቀረበው በ1987 ነው። አሠራሩ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሁለት ያልታወቁ መጠኖችን ለማግኘት ሁለት እኩልታ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጨረሮች ሁለቱን እኩልታ ይሰጣሉ። ዳሩ ግን በገላ ውስጥ ያልታወቁት ሦስት ናቸው፤ አጥንት፣ ስብና ሌላው ለስላሳ ሥጋ። ስለዚህ አጥንት ባለበት ነጥብ ላይ መሣሪያው የስቡን ድርሻ ከጎረቤት ነጥቦች ይገምታል እንጂ አይለካውም። ‹‹ስብ የሌለው ሥጋ›› ብሎ የሚያወጣው ቁጥርም ውኃን ይጨምራል፤ እግሩ ያበጠ አዛውንት በመሣሪያው ወረቀት ላይ ጡንቻው የጨመረ ሊመስል ይችላል። የአጥንት መሳሳትን ለመወሰን የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1994 ያወጡት ወሰንም ከወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 መደበኛ ልይይት ዝቅ ማለት ነው። እዚህም መነሻው ወጣት ገላ ነው፤ ግን ይህኛው ሆን ተብሎ ተመርጧል፤ የጠፋውን ለማወቅ የነበረውን ማወቅ ያሻልና።

እስካሁን የተናገርሁት በኪሎ ስለሚቆጠረው ነው። በማይክሮግራም የሚቆጠረው ታሪክም በአንድ በኩል የዚሁ ታሪክ ቅጂ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ጉድለቱ አይታይም። ከሁሉ አስተማሪው የቪታሚን ቢ12 ነው። የለንደኑ ቶማስ አዲሰን በ1849 ምክንያቱ የማይታወቅና ሰውን ቀስ በቀስ የሚገድል የደም ማነስ ገለጸ። በ1926 ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ በቦስተን በሽተኞቹን በየቀኑ ብዙ ጉበት በማብላት ከሞት አተረፏቸው፤ በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዊልያም ካስል ደግሞ ከ1929 ጀምሮ የበሽታው ሥር ምግቡ ሳይሆን የበሽተኛው ጨጓራ መሆኑን አሳየ፤ ጤነኛ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ነገር ከሌለ ቪታሚኑ አንጀትን አልፎ አይገባም። በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ ሁለት የመድኃኒት ኩባንያዎች በየፊናቸው ቪታሚኑን በቀይ ክሪስታል መልክ ለዩት፤ ዶሮቲ ሆጅኪን በኤክስሬይ ቅርጹን ደረሰችበት፤ ለዚህና ለመሰል ሥራዋ በ1964 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የአዲሰን በሽታ ሳይኖርባቸው፣ ከዕድሜ ጋር የጨጓራቸው ግድግዳ እየሳሳ አሲዱ የሚቀንስባቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። አሲዱ ሲያንስ በሥጋና በወተት ውስጥ ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀው ቢ12 አይላቀቅም። ሰውየው ሥጋ በልቷል፤ ከሥጋው የሚፈለገው ግን አልደረሰውም። በ1998 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች በቀን የሚያስፈልጋቸውን 2.4 ማይክሮግራም በአብዛኛው ቪታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከክኒን እንዲያገኙ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተጣበቀው ክሪስታል አሲድ አይፈልግም።

ይህ ነገር የእኛን አገር አረጋውያን በቀጥታ ይነካል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አጽዋማቱን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም ምእመን ከዓመቱ እኩሌታ ወይም ከዚያ በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ይታቀባል፤ አጥብቀው የሚጾሙትም ብዙውን ጊዜ አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ጾሙ ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ጉበት የቢ12 ጎተራ ነው፤ ጎተራው ከሞላ ለዓመታት ይበቃል፤ በፍስክም ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ጨጓራው ሲደክምና የፍስኩ ቀን ሥጋ ጎተራውን መሙላት ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይናጋል፣ አእምሮ ይዘነጋል፤ ሁሉም ‹‹እርጅና ነው›› ተብሎ ይታለፋል። የነርቭ ጉዳት ሲቆይ ላይመለስ ስለሚችል፣ ‹‹እርጅና ነው›› የሚለው ቃል ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ምግባችን ከተነሣ አይቀር፣ ስለ ጤፍ አንድ ነገር ልጨምር። ጤፍ በብረት ማዕድን እጅግ የበለጸገ ነው እየተባለ ለብዙ ጊዜ ተጽፏል። የኋላ ምርመራዎች እንዳሳዩት ግን በላቦራቶሪ ከተገኘው ብረት ከፍ ያለው ድርሻ ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ነው። ሚዛኑና ኬሚካሉ ልክ ነበሩ፤ ናሙናው ግን ጤፍ ብቻ አልነበረም። የሊጡ መቡካት በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት የሚይዘውን ፊታት የተባለ ንጥረ ነገር መቀነሱ ደግሞ የእናቶቻችን ኬሚስትሪ ነው፤ ማንም ሳይለካው የተሠራ።

የሰውነት ቅንብርና የጥቃቅን ንጥረ ምግቦች ታሪኮች የሚገናኙት በቪታሚን ዲ ላይ ነው። ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ይህን ቪታሚን እንደሚሠራ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በ1985 ማክላፍሊንና ሆሊክ የወጣቶችንና የ80 ዓመት ገደማ ሰዎችን ቆዳ አነጻጽረው፣ የሽማግሌው ቆዳ የሚሠራው ከወጣቱ እኩሌታ እንደማይሞላ አገኙ። በ1995 ደግሞ በ11 የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ 824 አረጋውያን ደም ተመርምሮ የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ ፀሐይ በበዛበት በግሪክ፣ በጣሊያንና በስፔን ያሉት አረጋውያን ከኖርዌይ አረጋውያን ያነሰ ቪታሚን ዲ ነበራቸው። ሰሜናዊው ዓሣና ቪታሚን የተጨመረበት ምግብ ይበላል፤ ባገኘው ፀሐይም ይወጣል። ደቡባዊው ከፀሐይ ይሸሻል፤ ልብሱም ይሸፍነዋል። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ሰዎች ነን እያልን የምንኩራራ ሁሉ ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ ፀሐዩ በሰማይ ነው፣ አያቶቻችን ግን በነጠላና በጋቢ ተሸፍነው ጥላ ውስጥ ናቸው። በዚያው በ1995 በእስራኤል የታተመ ጥናትም ከኢትዮጵያ በሄዱ ሴቶች ላይ የቪታሚን ዲ እጥረት በብዛት መገኘቱን ገልጿል፤ ጥቁር ቆዳ ተመሳሳዩን መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል።

አሁን ስቡ ይመጣል። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ምርመራ ወፍራሞችንና ቀጫጭኖችን እኩል የጨረር መጠን ሰጥቶ ደማቸውን ለካ፤ በወፍራሞቹ ደም ውስጥ የታየው ጭማሪ በ57 በመቶ ያነሰ ነበር። ቆዳቸው ያነሰ ስለሠራ አልነበረም፤ ቪታሚኑ በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ወደ ስቡ ገብቶ ነው። የውኃ መሐንዲሶች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል፤ አንድ ባልዲ ቀለም በትንሽ ገንዳና በትልቅ ገንዳ ውስጥ ቢፈስ እኩል አይደምቅም። እንግዲህ ያ ክብደቱ ያልተለወጠው የ75 ዓመት ሰው ገንዳው ሰፍቷል፣ ቧንቧው ማለትም ቆዳው ጠብቧል። ሚዛኑ ግን አሁንም 65 ኪሎ ይላል።

ሐኪሞች ክኒን መስጠት የጀመሩት በቂ ምክንያት ይዘው ነው። በ1992 በሊዮን አካባቢ በሚገኙ የአረጋውያን መኖሪያዎች 3,270 ሴቶች ለ18 ወራት ክትትል ተደርጎባቸው፣ በየቀኑ 800 ዩኒት ቪታሚን ዲና 1.2 ግራም ካልሲየም የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ የዳሌ ስብራታቸው በ43 በመቶ አንሶ ተገኘ። አማካይ ዕድሜያቸው 84 ነበር። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ‹‹ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው የበለጠ ይጠቅማል›› የሚለው አሳብ ተከተለ። በአውስትራሊያ ከ70 ዓመት በላይ ለሆናቸው 2,256 ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት በመስጠት የተደረገው ሙከራ ውጤቱ በ2010 ታተመ፤ ቪታሚኑን የወሰዱት በ15 በመቶ አብልጠው ወደቁ፣ በ26 በመቶም አብልጠው ተሰበሩ። በ2022 የታተመው የ25,871 አሜሪካውያን ሙከራ ደግሞ በቀን 2,000 ዩኒት ለአምስት ዓመት ያህል መውሰድ ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳየ። ሦስቱ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላያቸውም። የሊዮን እናቶች ጎተራቸው ባዶ ነበር፣ ተሞላላቸው። አሜሪካውያኑ በአብዛኛው ጤነኞችና የተሞሉ ነበሩ። የአውስትራሊያዎቹ ደግሞ በአንድ ቀን የዓመቱን ዝናብ ተቀበሉ፤ ቦይ የሚሠራ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርስ ያውቃል።

ለክርክሩ መራዘም የመለኪያው ችግርም የበኩሉን አድርጓል። አንድን የደም ናሙና ወደ ተለያዩ ላቦራቶሪዎች ቢልኩት የተለያየ ቁጥር ይመለስ ነበር፤ አንዱ ‹‹ጎድሎበታል›› ያለውን ሌላው ‹‹ሙሉ ነው›› ይለው ነበር። የአሜሪካ የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም ለዚህ ምርመራ የሚያገለግል የተረጋገጠ ማመሳከሪያ የደም ውኃ ያቀረበው በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የወጡት የጉድለት ወሰኖች ርዝመቱ ባልተስማማ ሜትር የተለኩ ነበሩ ብንል ብዙ አላጋነንም።

ወደ ጡንቻው ልመለስ። በ1990 በቦስተን ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ በ90ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ደካማ አረጋውያንን ለስምንት ሳምንት ክብደት እንዲያነሡ አደረጉ፤ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በ1994 ያሳተሙት ሁለተኛው ሙከራ ለእኛ ጉዳይ የበለጠ ይጠቅማል። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያሉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 የሆነ 100 ሰዎች በአራት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ክብደት ያነሣል፣ አንዱ ቪታሚንና ማዕድን ያለበት ተጨማሪ መጠጥ ይጠጣል፣ አንዱ ሁለቱንም ያደርጋል፣ አንዱ ምንም። ከአሥር ሳምንት በኋላ ክብደት ያነሡት ጉልበታቸው በ113 በመቶ ጨመረ፤ መጠጡ ብቻውን ምንም አላደረገም። ምክንያቱም ተገኝቷል፤ መጠጡን ብቻ ያገኙት በዚያው ልክ ከመደበኛ ምግባቸው ቀነሱ። የሚመገቡት በአጠቃላይ የጨመረው መጠጡን ከእንቅስቃሴ ጋር ያዋሐዱት ብቻ ናቸው። ለሽማግሌ አባቱ በየወሩ የቪታሚን ጠርሙስ እየገዛ ‹‹አባባ፣ አይነሡ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እኔ አመጣለሁ›› የሚል ልጅ ሁሉ ይህን ቢያነበው ደስ ይለኛል። ክብርና ፍቅር መሆኑ አይካድም፤ ጭነት ያልተጫነበት ጡንቻ ግን እየጠፋ ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ ስም እንኳ አልነበረውም። አርዊን ሮዘንበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጡንቻ መጥፋት ስም ካላወጣንለት ማንም አይመረምረውም ብሎ፣ ከግሪክ ቋንቋ ‹‹የሥጋ እጦት›› የሚል ፍች ያለውን ሳርኮፔኒያ የሚለውን ቃል ያቀረበው በ1989 ነው። መጀመሪያ በኤክስሬይ በሚለካ የሥጋ መጠን ብቻ ይወሰን ነበር። በ2018 የተሰበሰቡት የአውሮፓ ባለሙያዎች ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ በመጀመሪያ የሚታየው ጉልበት ነው፣ የሥጋው መጠን ማረጋገጫ ብቻ ነው። ወሰናቸውም ለወንድ 27 ኪሎ፣ ለሴት 16 ኪሎ የጭብጥ ጉልበት ነው፤ ከዚህ በታች የሆነ ይመረመራል። ሁለተኛው ፈተና ከወንበር ክንድን ሳይደገፉ አምስት ጊዜ መነሣት ሲሆን፣ ከ15 ሰከንድ በላይ የወሰደ እንደ ደካማ ይቆጠራል። ከመቶ ሺህ ብሮች በላይ የሚጠይቅ መሣሪያ ሳይኖር፣ በጭብጥ መለኪያና በእጅ ሰዓት ሥራው ይጀመራል ማለት ነው።

እነዚህ ወሰኖችም የራሳቸው መነሻ አላቸው። የአውሮፓው የጭብጥ ወሰን የወጣው በእንግሊዝ አገር ከተደረጉ 12 ጥናቶች ነው። የእስያ አገሮች ባለሙያዎች ይህን እንዳለ አልተቀበሉትም፤ በራሳቸው ሕዝብ ልኬት መሠረት በ2014 ለወንድ 26፣ ለሴት 18 ኪሎ ብለው ወሰኑ፤ በ2019 የወንዱን ወደ 28 አሻሻሉት። የወንበሩ ፈተናም ከፍታው 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መቀመጫው ጠንካራ ወንበር ይጠይቃል። በብዙ ቤቶቻችን አረጋውያን የሚቀመጡበት ዱካ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው፤ ከእርሱ አምስት ጊዜ መነሣት ከባዕድ አገር ወንበር ከመነሣት የበለጠ ሥራ ነው፤ 15 ሰከንዱ በዱካ ላይ አይሠራም። የጭብጥ መለኪያውም በአብዛኛው በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ፣ ማኅተሙ ሲያረጅ ዝቅ አድርጎ ያነባል። መሣሪያውን በእጀታው በኩል አስሮ 10፣ 20 እና 30 ኪሎ የታወቀ ክብደት በየተራ ማንጠልጠልና ንባቡን መመዝገብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ይህንንም በየክፍለ ሀገሩ ባለ ማንኛውም የመሣሪያ ጥገና ክፍል መሥራት ይቻላል።